ቀይ እስክርቢቶ

ሦስተኛ «ለ» ክፍል፣ ከምሳ በኋላ፣
ቆርቆሮው ሲንጣጣ፣ ሙቀቱ ሲፈላ፣
አጥሩ ላይ አባ ኮዳ፣ አንገቱን ቀብሮ
እንደ ፈተና ጠባቂ ሲያየን አቀርቅሮ፣
«ደብተር ዝጉ» አልኩኝ፣ ሰሌዳውን ጠርጌ፤
ሦስት ማዕዘን ሳልኩ፣ አንድ ብቻ፣ ትልቅ አድርጌ።

«ምን ይላል?»
                 ዝም አሉ።
አፋቸው የለመደው ሀ ሁን ነውና፣
መስመር ድምፅ እንዳለው ማን ነግሯቸውና።

ፈቲያ «ሳምቡሳ!» አለች፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።
«ታቦር ነው፣ ተራራው» ኢዮስያስ መለሰ።
ማርቆስ፣ የሹፌር ልጅ፣ ቆፍጠን ብሎ ቆመ፦
«ራቁ ነው የሚለው። መኪና ታመመ።»

ገለበጥኩት ቅርጹን፣ ሹሉን ወደ ታች።
«አሁንስ?»
                 አንዷ ከጥግ «ወይኔ፣ ልትወድቅ ነው» አለች።
ማን አስተማራት? ማንም። ጉልበቷ ነው የሚያውቀው፣
በሹሉ የቆመ ነገር ልብን እንደሚሰቅለው።

እንዲህ እንዲህ እያልን፦ ክቡ ይንከባለላል፣
አግድሙ ይተኛል፣ ሰያፉ ይሮጣል፣
ትልቁ ቅርብ ነው፣ ትንሹ ይርቃል።
እኔው ነኝ ያልኩት ይህን። በገዛ አፌ፣ በገዛ ጠመኔ።
ደስ አለኝ፤ ሁሉን የማውቅ መሰለኝ ለእኔ።

«በሉ ቤታችሁን ሳሉ፣ ከነሰዎቹ» አልኩኝ፤
አርባ ስምንት ወረቀት ታቅፌ ገባሁኝ።

ማታ መብራት ጠፋ።
በስልኬ ባትሪ፣ አንድ እጄ ስልክ ይዞ፣ አንድ እጄ እያረመ፣
ዓይኔ በእንቅልፍ ብዛት እየተጨለመ፣
የምትኬ ላቲሶ ወረቀት ደረሰ።
ቤት አለ። በር አለ። ሦስት ሰው፣ እጅ ለእጅ።
ከላይ በቀኝ ጥግ፣ ልትወጣ ጫፍ የደረሰች
የምስር ፍሬ የምታህል ጥቁር ክብ አለች።

ፀሐይ ናት አልኩ። ፀሐይ ከሆነች
ጨረሯስ የታለ? ለምን ጠቆረች?
ደግሞ ከታች «አራት ነን» ብላ ጽፋለች፤
ስቆጥር ሦስት። «ይቺ ልጅ መቁጠርም አልቻለች»
አልኩና ቀይ እስክርቢቶዬን አነሳሁ፣
ክቧ ላይ ኤክስ አደረግኩ፣ ገለጥኩ፣ ረሳሁ።

በነጋታው ሳድል ወረቀቱን በስም
ሁሉም ማርክ ፈለገ። ምትኬ ግን ማርክም
አልፈለገች፤ አቀረበች፣ አራቀች፣ አዘመመች፣
ከዚያ እየሮጠች መጣች፣ ፊቷ በርቶ።

«ቲቸር፣ እግዜር ይስጥሽ።»
«ለምኑ?»
«ለአባቴ። እኔ ስስለው ረስቼ ነበር፤
መቅዘፊያ ሠራሽለት። ሁለቱንም።»

አባትሽ የቱ ነው አላልኳትም፣ ጣቷ ቀደመኝ፤
ምስሯ ላይ አርፎ ነበር።
«ሐይቁ መሃል ሲገባ ይቺን ነው የሚያክለው።
የሚሄደው ሌሊት ነው፣ ለዚያ ነው የጠቆረው።
ጠዋት አሞራ ገደል ሲደርስ ያድጋል።»

ቀዩን መስመር አየሁት፤ የእኔን፣ የራሴን።
ትናንት ማታ «ስህተት» ይል ነበር። እምላለሁ ይል ነበር።
ዛሬ ውኃ ይቀዝፋል።

«ጀልባውስ?» አልኳት፣ ድምፄ ቀጥኖ።
«ጨለማ ነዋ» አለች፣ እንደ ትልቅ ሰው ታግሳኝ፣
«እኔም አይታየኝም። አንቺ ግን መቅዘፊያው ታየሽ።»

አባ ኮዳው ከአጥሩ አንገቱን አወጣ።
የመምህሩ መምሪያ ጠረጴዛዬ ላይ እንደተከደነ ነው።
ምትኬ ቆማለች፣ አፏ ተከፍቶ፣ መልስ ጠብቃ።

አላረምኳትም።
ደወሉ ሲደወል በሩን ይዤ ቆምኩ፦
«ልጆች፣ ወረቀቱን መልሱልኝ፣ ሁላችሁም።
ገና አላነበብኩትም።»